ባለ መስቀሉ ፍርግርግ

ሎጊያ አስፋልት ዳር ከተደረደሩት ጋራዦች ውስጥ አዲስ ብረት ገብቶበት የማያውቀው አንዱ የቢሰጥ ከተማ ነው። ይህን ማጣራት አያስፈልግም፤ ቢሰጥ ራሱ ለመጣው ለሄደው ሁሉ ይናገረዋል። «አዲስ ብረት ጥሬ ነው» ይላል። «እሳት ያየ፣ ጭነት የተሸከመ፣ አንዴ ጎብጦ አንዴ የተቃና ብረት ግን ጠባዩ የታወቀ ነው።» ስለዚህ በጅቡቲ መንገድ ላይ መኪና ተገለበጠ ሲባል ከትራፊክ ፖሊሱ እኩል ይደርሳል። ግቢው በባሌስትራ፣ በበርሜል፣ በራዲያተርና መኪናቸው የት እንደገባ በማይታወቅ በሮች የተሞላ ነው። ሚስቱ ታንጉት «የብረት መቃብር» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «እኔ ዘንድ የተቀበረ ሁሉ ይነሣል» ብሎ ይመልስላታል።

እንዲህ ከብረት ጋር የተጋባው ሰው ወደ አፋር የወረደው ግን ብረት ሊነካ አልነበረም። ደብረ ታቦር አካባቢ ተወልዶ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለአንድ የጥጥ ለቀማ ብቻ ብሎ ነው አሚባራ የገባው። ለቅሞ፣ ለአባቱ አንድ በሬ ገዝቶ ሊመለስ። የመጀመሪያውን ዓመት ወባ በላበት። በሁለተኛው ዓመት የትራክተር ተጎታች መንጠቆ ሲሰበር በሽቦና በድንጋይ ጠግኖ ጥጡን ሲያደርስ ያየ አንድ አለቃ ወደ እርሻው ወርክሾፕ ወሰደው። በሬው እስከ ዛሬ አልተገዛም። ብየዳውን ሲችል ወጥቶ አዋሽ ከተማ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ የራሱን ቤት ከፈተ።

አዋሽ ላይ ስም ያወጣው አንድ ፍርግርግ ነው። እትዬ አትክልት የሚባሉ ባለ ምግብ ቤት የሥጋ መጥበሻ እንዲሠራላቸው አዘዙት። ቢሰጥ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ልሙጥ ቶንዲኖ፣ ጣት የሚያህል ክብ ብረት፣ እየቆረጠ እኩል ለእኩል ደረደረና በየደላቸው። ሴትዮዋ ደስ ሲላቸው አንድ ነገር ጨመሩ፤ ጥጉ ላይ መዳፍ የምታህል መስቀል እንዲሠራላቸው።

«ለበረከት ነው፣ እትዬ?» አላቸው።

«እንዲለይልኝ ነው እንጂ! ሠርግ ሲመጣ ዕቃ ከቤት ቤት ይዋዋሳል። የእስላም ጎረቤቶቼ ፍርግርግና የኔው አንድ ላይ ሲከመር የማን ሥጋ በየትኛው እንደተጠበሰ በምን ይታወቃል?»

ቢሰጥ መስቀሏን አሳምሮ በየዳት፤ ምክንያቷን ግን በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፈሰሳት። የዚያን ሰሞን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ እትዬ አትክልት ወጥ ቤት ታንጉት የምትባል ልጅ ገብታ ነበርና። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሴትዮዋ ቤታቸውን ዘግተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ፍርግርጉን ለሁለቱ ሰጧቸው። ሎጊያ ሲዛወሩም ከአልጋው ጋር መኪና ላይ ተጭኖ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ጋራዡ ውስጥ ከቆርቆሮ ክምር ሥር ተሸጉጦ ሃያ ዓመት ተኛ።

ከቢሰጥ ግቢ ቀጥሎ፣ በአንድ የቆርቆሮ አጥር ተለይቶ ያለው የኡሙሀኒ ጥብስ ቤት ነው። አባቷ አፋር፣ እናቷ የባቲ ሰው ናት። በራፏ ላይ ጨረቃ የተሳለባት ሰሌዳ አለች፤ ሙስሊም ሾፌሮች ከሩቅ አይተዋት ፍሬን ይይዛሉ። ክርስቲያኖቹ ደግሞ ሁለት መቶ ሜትር ወደፊት ሄደው መስቀል የተሳለበት በር ላይ ይቆማሉ። በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም፤ የዚያን እርድ ይኸኛው አይበላም፣ የዚህን ያኛው አይበላም፣ አለቀ። ቢሰጥ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ኡሙሀኒ ቤት ሻይ ይጠጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ሻይ ብቻ። የፍየል ጥብሱ ጢስ ፊቱን ሲያጥነው «ሽታው የማንም ሃይማኖት አይደለም» እያለ ሾፌሮቹን ያስቃል።

በዚህ ዓመት ኢድ ባለፈ በሳምንቱ፣ የክርስቲያኑ ጾም ሊፈታ ገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ኡሙሀኒ ሻዩን ራሷ ይዛለት መጣች። ፊቷ ጥሩ አልነበረም።

«ቢሰጥ፣ አብዱናሲር ዛሬ ሥጋዬን መለሰብኝ» አለችው። አብዱናሲር በወር አራት ጊዜ ጅቡቲ የሚመላለስ፣ ሲመጣ አምስት ስድስት ሾፌር አስከትሎ የሚቀመጥ ደንበኛዋ ነው። «‹ውጩ ከሰል፣ ውስጡ ደም› አለኝ። ወላሂ፣ ሰው ፊት ነው ያለኝ። ሰመራ በኤሌክትሪክ የሚጠብስ ቤት ተከፍቷል፤ ወደዚያ ሊነዱብኝ ነው።»

ቢሰጥ ሄዶ አየው። ኡሙሀኒ የምትጠብሰው ለሁለት በተሰነጠቀ በርሜል ነው፤ ፍርግርጉ ከከሰሉ ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረውም። ድሮ በግራር ከሰል ይህ ችግር አልነበረም። አሁን የሚመጣው፣ በረሃውን የወረረው የፕሮሶፒስ ዛፍ ከሰል ግን ትኩሳቱ ሌላ ነው፤ ስብ ጠብ ባለ ቁጥር ነበልባል ይነሣና ሥጋውን ይልሰዋል።

«ከፍ ማለት አለበት» አላት። «እግር አበጅለታለሁ፤ እግሩ ላይ ደግሞ ሦስት ደረጃ። ከሰሉ ሲነድ ላይኛው ላይ፣ ሲበርድ ታችኛው ላይ ታደርጊዋለሽ።»

«መቼ?»

«ነገ።»

ነገ ማለት ለቢሰጥ ቀላል ነው፤ ብረቱ ግን ከየት ይምጣ? ክምሩን ገለበጠው። ፌሮ ነበረው፤ ፌሮ ግን ሸካራ ነው፣ በየጥርሱ ስብ ይይዝና አይጸዳም። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ነበረው፤ ዚንክ እሳት ሲነካው የሚያወጣው ጢስ መርዝ መሆኑን ራሱ አንድ ሳምንት አልጋ ላይ ተኝቶ ያወቀው ነገር ነው። የፍሪጅ መደርደሪያ ነበረው፤ ቀለሙ ተልጦ ሥጋው ላይ ይቀራል። ለሥጋ የሚሆን ልሙጥ ቶንዲኖ አንድም የለም። ሰመራ ቢሄድ አዲሱን ያገኛል፤ በባጃጅ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ግን ሃያ ዓመት ሲምልበት የኖረውን ለአንድ ፍርግርግ ሊያፈርስ? ዓይኑ ወደ ቆርቆሮው ሥር ሄደ። የእትዬ አትክልት ፍርግርግ ዝገት እንኳ ብዙ አልደፈረውም ነበር።

እንግዲህ ስህተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ቢሰጥም ሳያስብ አልሠራውም። አስቦ ነው የተሳሳተው። «ይህ የክርስቲያን ቤት ዕቃ ነው» ብሎ አሰበ። ቀጥሎም «መስቀሏን ማንሣት አለብኝ» ብሎ አሰበ። በግራይንደር ከሥሯ በጥንቃቄ ቆረጣት፤ መሬት ላይ እንዳትወድቅ በጨርቅ ተቀበላት፤ ተሳለማትና ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቀላት። ፍርግርጉን እሳት ውስጥ ከትቶ እስኪቀላ አነደደው፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተገው፣ አራት እግር ከአንግል ብረት አወጣለት። በእሱ ቤት ነገሩ አለቀ። የክርስቲያን ያሰኘው መስቀሉ ነበር፤ መስቀሉ ተነሣ።

ፍርግርጉ ሠራ። እንዲያውም ከመጠን በላይ ሠራ። ስቡ ይንጠባጠባል፣ ነበልባሉ ይነሣል፣ ሥጋው ጋ ሳይደርስ ይመለሳል። አብዱናሲር በሦስተኛው ቀን ሲመጣ አንድ ጎድን በልቶ ሁለተኛ አዘዘ። ኡሙሀኒ ከአጥሩ ባሻገር «ቢሰጥ! አላህ ይስጥህ፣ እጅህ ይባረክ!» ብላ ስትጮህ መንገዱ ሁሉ ሰማ። ቢሰጥ ብረት እየቆረጠ ያልሰማ መሰለ፤ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ።

በአራተኛው ቀን ታንጉት ምሳውን፣ ሽሮና ጎመን፣ ይዛ ወደ ጋራዡ መጣች። ሳህኑን ልታስቀምጥ ስትል ግድግዳው ላይ ያለችውን አየች።

«ይቺ የእትዬ አትክልት መስቀል አይደለችም?»

«ናት።»

«ፍርግርጉስ?»

ቢሰጥ በአገጩ ወደ አጥሩ አመለከተ። ታንጉት ሳህኑን እንደያዘች ቆመች።

«በስመ አብ! አንተ ሰውዬ፣ ስንት በግ፣ ስንት ሙክት የጠበስንበትን? እኔ በእጄ ያገላበጥኩበትን?»

«አነደድኩት እኮ። እስኪቀላ! እሳት ያላጠራውን ምን ያጠራዋል?»

«እሱን ለሷ ንገራት፤ ለኔ ምን ትነግረኛለህ?» አለችና ሳህኑን አስቀመጠችው። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ሙጂባ ስትዳር ረሳኸው?»

አልረሳውም። ሙጂባ የኡሙሀኒ ልጅ ናት፤ ዛሬም ከባሏ ቤት እየመጣች እናቷን ታግዛለች። የሠርጓ ዕለት ኡሙሀኒ ለቢሰጥና ለታንጉት ብላ ለብቻው አንድ ሙክት አስመጣች። የሚያርደው ክርስቲያን እንዲሆን ጎሚስታውን አለሙን ከሥራው ጠራችው። ቢላዋው አዲስ፣ ድስቱ አዲስ፣ ጭልፋው ሳይቀር አዲስ ነበር። ታንጉት ራሷ እንድትሠራው ጓሮ ውስጥ ሌላ ምድጃ ተጣደላት። «የኛ ዕቃ ነክቶት እንዳይከብዳችሁ» ነበር ያለቻቸው ኡሙሀኒ፤ አንድ ነገር እንዳደረገች እንኳ አልቆጠረችውም። ያን ድስት ከሠርጉ በኋላ ለታንጉት ሰጠቻት፤ አሁንም ወጥ ይሠራበታል።

ቢሰጥ ምሳውን አልበላም። አፈረ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሆኖት እንዲህ አፍሮ እንደሆነ ትዝ አላለውም።

ከሰዓት በኋላ ሊነግራት ሄደ። ስድስት ሾፌር ተቀምጦ አገኘ፤ «እግሩ አይነቃነቅም?» ብሎ ጠይቆ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሄደ፤ «ከሰሉን አታብዥበት» ብሎ ተመለሰ። ሦስተኛ ሲሄድ ኡሙሀኒ ሳቀችበት። «ምነው፣ ልጅህን እንደዳርክ ሰው ተመላለስክ?» አለችው። ዝም ብሎ ሊተወውም ይችል ነበር፤ ከታንጉትና ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ታንጉትም ከቤት አታወጣውም። ይህንንም አሰበው። ግን ነጋታው ዓርብ ነበር፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግቢዋ መቆሚያ የሚታጣበት ቀን። ቤቱ ሁሉ የቆመው ደግሞ ሰው በራፉ ላይ ባለችው ጨረቃ ስለሚያምን ነው። ነገሩ አንድ ቀን በሌላ ሰው አፍ ቢወጣ ኡሙሀኒን የሚያምናት አይኖርም።

ዓርብ ጠዋት፣ ከሰሉ ሳይቀጣጠል ሄደ። ኡሙሀኒ ሥጋ እየበለተች ነበር። ቆሞ፣ ሳያሳጥር ሳያስረዝም ነገራት፤ ፍርግርጉ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳሠራው፣ መስቀሉን እንዴት እንደቆረጠው። ቢላዋዋን አስቀመጠችው።

«ስንት ቀን አበላሁበት?»

«አራት።»

«ስትሠራው ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። መስቀሏን ካነሣሁ ያበቃ መስሎኝ። ሚካኤልን፣ ኡሙሀኒ፣ እንደዚያ መስሎኝ ነው።»

«መስቀሉ ምን አደረገኝ?» አለች። አልጮኸችም። «መስቀል ለሰው አላበላሁ። ያበላሁት ያንን ስብ ነው።»

እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሼህ መሀመድአሚን ሄደች። ሼሁ ሳያውቁ የበሉት ኃጢአት እንደማይሆንባቸው፣ ዕቃም ታጥቦ እንደሚጠራ ነገሯት። እሷ ግን ሃይማኖቱን ብቻ አልነበረም ያሰበችው። ከሶላት በኋላ ግቢው ሲሞላ ከሰል የሌለበት በርሜል አጠገብ ቆመች። ቢሰጥ በአጥሩ ቀዳዳ ያያል። ዘሎ ገብቶ «እኔ ነኝ» ሊልም፣ ሮጦ አዋሽ ሊገባም እኩል ያምረው ነበር።

«ዛሬ ጥብስ የለም» አለች። «አራት ቀን የጠበስኩበት ፍርግርግ የክርስቲያን ሥጋ የነካው ነው። በያጁ ተሳስቶ ነው፤ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ሼሁን ጠይቄአለሁ፣ በእናንተ ላይ ምንም የለም። ግን ከኔ አፍ እንድትሰሙት ነው።»

ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወጡ። አንዱ መሬት ላይ ተፋ። አብዱናሲር ግን እንደተቀመጠ ነበር።

«ባይነግርሽስ ኖሮ?» አላት።

«ነግሮኛል» አለች ኡሙሀኒ። «ስለነገረኝ ነው የምነግራችሁ።»

አብዱናሲር ጢሙን ዳሰሰ። «እንግዲህ ሻይ አምጪ» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሰጥ በባጃጅ ሰመራ ሄዶ አዲስ ቶንዲኖ ገዛ። ባለ ሱቁ የሚያውቀው ሰው ነበርና «ቢሰጥ፣ አሞሃል እንዴ?» አለው። ቢሰጥ ብሩን ቆጥሮ ሰጠው። የብየዳውን ገመድ ከጋራዡ ስቦ፣ አዲሱን ፍርግርግ ኡሙሀኒ በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ በየደው። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋበት፤ ሁለቴም ከቦታው ሳይነሣ እስኪመጣ ጠበቀ። ኡሙሀኒ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዷን ብየዳ ተመለከተች። ሲጨርስ ወስዳ በርሜሉ ላይ አቆመችው፤ አሮጌውን ደግሞ አምጥታ ጋራዡ በር ላይ አስደግፋው ተመለሰች።

አራት ሰዓት ሲሆን ሻይ የለም። እሑድም የለም፤ ሰኞም። መሄድ ይችል ነበር፣ ማንም አልከለከለውም፤ እግሩ ግን አልታዘዘውም። ታንጉት በፔርሙዝ ሻይ ትሰድለት ጀመር። አሮጌውን ፍርግርግ ሊቆራርጠው አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እጁ ያልጨከነበት ብረት ቢኖር እሱ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ግን ጢሱ እንደ ቀድሞው ይነሣል። ወጥተው የሄዱት ሁለቱ አልተመለሱም። የአብዱናሲር መኪና ግን በየሳምንቱ ቆሞ ይታይ ነበር፤ ከኋላውም ሌሎች። ቢሰጥ ይህን እያየ ደስ ይለዋል፤ ደስ ካለው በኋላ ደግሞ ይከፋዋል።

ፋሲካ ዋለ። ታንጉት ዶሮዋን ሠርታ፣ አለሙ ያረደው በግ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ፣ ረፋዱ ላይ ቢሰጥ አመል ሆኖበት ጋራዡን ከፈተ። ሥራ አልነበረውም፤ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ኡሙሀኒ በአካፋ ፍም ተሸክማ በሩ ላይ ቆመች።

«እንኳን አደረሳችሁ» አለች።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለ ቢሰጥ፤ ተነሣ፣ የሚይዘው ጠፋው።

«ያ ፍርግርግ የት አለ?»

አመለከታት። የመጣችው ልታስጥለው ነው ብሎ አሰበ። ኡሙሀኒ ፍሙን አንድ አሮጌ ላሜራ ላይ ገለበጠችውና ግድግዳውን በዓይኗ ፈለገች። መስቀሏ ሚስማሯ ላይ ነበረች።

«በላ፣ እሷን ወደ ቦታዋ መልሳት» አለችው። «እንዲለይ።»

ቢሰጥ የብየዳ መነጽሩን አደረገ። መነጽሩ ጥቁር በመሆኑ እግዜርን አመሰገነ። መስቀሏን ከጥጉ ላይ አስተካክሎ በየዳት፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ ጠባሳዋ ላይ ልክ ገጠመች። ፍርግርጉን ፍሙ ላይ አቆመው። ታንጉት ነገሩ ገብቷት ኖሮ የበጉን ጎድን በሳህን ይዛ ከኋላው መጥታለች።

ኡሙሀኒ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ በርጩማውን ሳበችና ተቀመጠች።

«እኔ አልነካውም» አለች። «ከሰሉ ግን የኔ ነው።»

ቢሰጥ ሥጋውን ደረደረ። ስቡ ጠብ አለ፤ ነበልባሉ ተነሣ፣ ሥጋው ጋ ሳይደርስ ተመለሰ። ኡሙሀኒ ከተቀመጠችበት አንገቷን አስግጋ ከፍታውን መረመረችና ራሷን ነቀነቀች።

«አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገው፣ ፍሙ በርዷል» አለችው። ከዚያ በአጥሩ ላይ ወደ ቤቷ ተጣራች፤ «ሙጂባ! የቢሰጥን ሻይ ወደዚህ አምጪው!»